የጥድ ጣሪያ አደራረቅና አጠባበቅ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል

በውጭ አገር መጻሕፍት «ሴዳር» የሚለው ስም ዘራቸው የተለያየ ብዙ ዛፎችን ያጠቃልላል። የሊባኖሱ ዛፍ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ዝግባ» ተብሎ ተተርጉሟል፤ ይሁን እንጂ በአገራችን ደጋ ዝግባ የሚባለው ዛፍ ከእርሱ የተለየ ነው። እንግሊዞች የአፍሪቃ ሴዳር የሚሉት ደግሞ የዕፀዋት ሊቃውንት ዩኒፔሩስ ፕሮሴራ ብለው የሰየሙት የእኛው ጥድ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ጥድ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፥ ማለት ከየካ ተዳፋት እስከ ቦሌ ሜዳ ባለው ስፍራ፥ ለጣሪያ ሲውል እንዴት ደርቆ ከብልሽት ይጠበቅ እንደ ነበረ ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ የጣሪያው ዋና መድኃኒት የምድጃው ጭስ ነበር፤ የቤቱ አሠራር ሲለወጥ መድኃኒቱ ሳይታሰብ ቀረ፥ በምትኩም ሌላ ጠባቂ አልቆመም።

ጥድን በስሱ ፈልጦ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየደረቡ ቤት መክደን በኬንያ ደጋ በቅኝ ግዛት ዘመን የታወቀ ሥራ ነበር። በአገራችን ክዳኑ በብዛት ሣር ስለ ሆነ፥ የጥዱ ስፍራ ከክዳኑ በታች ነው፤ ይኸውም ምሰሶው፥ ወራጁና ማገሩ ነው። የአጠባበቁ ሕግ ግን በሁለቱም አንድ ነው። በመጋዝ የተቆረጠ እንጨት ጭረቱ ስለሚበጠስ ውሃን ወደ ውስጥ ይስባል፤ በምሳርና በሽብልቅ የተፈለጠ ግን ጭረቱን ተከትሎ ስለሚሰነጠቅ ውሃውን በላዩ ያወርዳል።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ካሉት በኋላ፥ የእንጦጦና የየካ ተራሮች ጥድ ለቤት፥ ለአጥርና ለማገዶ እየተቆረጠ ፈጥኖ ተመናመነ። የእንጨቱ እጥረት እጅግ ስለ ጠና፥ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማይቱን ከመፍለስ ያዳናት በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፥ ይሰነጠቃል፥ ምስጥም ይደፍረዋል። ስለዚህ በአሮጌ ቤት ላይ የሚገኝ የጥድ ወራጅ፥ ዛሬ በስፍራው ለሌለ ደን ምስክር ነው።

ጥድ በባሕርዩ ራሱን የሚጠብቅ እንጨት ነው። መዓዛ የሚሰጠው ዘይት በቀዩ የግንዱ ልብ ውስጥ ስላለ ምስጥና ነቀዝ ይርቁታል፤ ነጩ የዳር ክፍል ግን ይህ ኃይል የለውም። ስለዚህ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከመቁረጡ ነው። በበጋ የተቆረጠ እንጨት በዝናም ወራት ከተቆረጠው ይሻላል። ነቀዝ ከልጡ በታች ስለሚራባ ልጡ ወዲያው ይላጣል፤ እንጨቱም ከመሬት ከፍ ብሎ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሊደረደር ይገባል፥ ፀሐይ በድንገት ካገኘው ይሰነጠቃልና። በሊቃውንት ልኬት፥ የእንጨት እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 30 እጅ ገደማ ሲወርድ መኮማተር ይጀምራል፤ ከመቶ 20 እጅ በታች ሲሆን የሚያበሰብሰው ሻጋታ ሊያድግበት አይችልም። አጠባበቅ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ በኋለኛው ወሰን ላይ ነው።

ይህን ወሰን መጠበቅ በምሥራቁ ክፍል ቀላል አልነበረም። የቦሌ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ውሃ ይዞ ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። በዋልካ የተተከለ ቋሚ በመሬቱ ወለል አጠገብ፥ ውሃና አየር በሚገናኙበት ስፍራ፥ ፈጥኖ ይበሰብሳል። ለዚህ የተለመደው መከላከያ የእንጨቱን እግር በእሳት ለብልቦ ማክሰል ነው። የከሰለው ቅርፊት ለጊዜው ይረዳል፤ ከተሰነጠቀ ግን እርጥበት መንገድ ያገኛል።

ጣሪያውን የሚጠብቀው ከዚህ የበለጠ ነበር። ጭስ መውጫ በሌለው የሣር ቤት ውስጥ የምድጃው ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ መካከል እየተንጠፈጠፈ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሙቀቱ ወራጁንና ማገሩን ዘወትር ያደርቃል፤ በውስጡ ያለው የሬንጅ ባሕርይም በእንጨቱ ላይ ተለጥፎ ሻጋታንና ተባይን ይከለክላል። ለባዕድ ዓይን የጉስቁልና ምልክት የሚመስለው ጥቁር የሚያብለጨልጭ ጥቀርሻ በእውነቱ በየቀኑ የሚታደስ ቅብ ነበር። የኖርዌይ ሰዎች የጥንት የእንጨት አብያተ ክርስቲያናቸውን ለመጠበቅ የጥድ ሬንጅ እያነጠሩ ቀቡ፤ የእኛ ሰው ይህንኑ ጥቅም ምግቡን ሲያበስል አገኘው።

ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮ ከባሕር ወደብ በቀላሉ ይመጣ ጀመር፤ የሣር ክዳንም ቀስ በቀስ ለቀቀ። ማድ ቤቱ ከመኖሪያው ተለየ፥ ከጣሪያውም በታች የአቡጀዴ ኮርኒስ ተወጠረ። ቆርቆሮው ዝናሙን ከሣር ይልቅ ይከለክላል፤ ነገር ግን በሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ጤዛ ይቋጥራል። ይህ ጤዛ በወራጁ ላይ ይንጠባጠባል፤ የሚያደርቀው እሳት የለም፥ ኮርኒሱም ነፋሱን ያግዳል። መኪና ሲበዛ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ተለመደ፤ ይህ ግን ከላይ ብቻ የሚቀር፥ አፈርንም የሚመርዝ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአውሮፕላን ማረፊያው በቦሌ ከተሠራ ወዲህ በዙሪያው የበዛው ቤት የብሎኬትና የሲሚንቶ ስለ ሆነ፥ ዕውቀቱ ተከታይ አጣ።

ይህን ስንል የጭሱን ዘመን ማወደሳችን አይደለም። ያው ጭስ እንጨቱን ሲጠብቅ ምድጃው ዘንድ የምትውለውን ሴት ዓይንና ሳንባ ይጎዳ ነበር፤ የወራጁ ዕድሜ በእርስዋ ጤና የተገዛ ነው። ስለዚህ ልንመልሰው የሚገባን ጭሱ የፈጸመውን አገልግሎት፥ ማለት ድርቀትን፥ እንጂ ጭሱን ራሱን አይደለም። ነገሩ ዛሬ ያስቸኩላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጥድን፥ ኮሶን፥ ዝግባንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ስለ ከለከለ፥ ከአሮጌ ቤት ወይም ከአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሚወርድ የጥድ ወራጅ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። አዳሾች ጥቀርሻውን ፍቀው እርጥበት ባለው እንጨት ላይ ቫርኒሽ ሲቀቡ እርጥበቱን በውስጡ ይዘጉበታል። ከዚህ ይልቅ በክፍክፉና በጉልላቱ በኩል የነፋስ መተላለፊያ ቢተውለት፥ ወራጁም ከቆርቆሮው ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ ቢደረግ ይበጃል። የኢትኖሎጂ ተማሪዎችም አንድ ጣሪያ ከመፍረሱ በፊት የእንጨቱን ዓይነት፥ የአፈላለጡን ምልክትና የምድጃውን ስፍራ ቢመዘግቡ፥ የከተማይቱ የመጀመሪያ ዘመን ኑሮ ከዚያ ሊነበብ ይችላል።