የሸማኔው ልጅና ያረጀው ሞኒተር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ አሮጌ ሞኒተር ነው። «ደግሞ ስለ ዕቃ ሊያወራን ነው» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ ከእማዬ ጋር የተያያዘ ነው።

ሽኩና ጊሜል ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ ስለሆነ ተከራይ ተማሪ ይበዛበታል። ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ ሊወስዱት ያልፈለጉትን ዕቃ መንገድ ዳር ትተው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ባለ 17 ኢንች ሶኒ ትሪኒትሮን ያገኘሁት እንዲሁ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ተሸክሜው ስወጣ ሁለቴ አረፍኩ። ወንድሜ «ድንጋይ ነው ወይ የተሸከምከው?» ብሎ ሳቀብኝ።

የሞኒተሩ ዘር ረጅም ነው። ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ የመስታወት ቱቦ የሠራው በ1897 ነው። ሶኒ ደግሞ ትሪኒትሮንን በ1968 አወጣ፤ በ1973 የኤሚ ሽልማት አገኘበት። ሌሎች ፋብሪካዎች ከመስታወቱ ጀርባ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ብረት ሲያደርጉ፣ ሶኒ ከላይ ወደ ታች የተወጠሩ ቀጫጭን የብረት ክሮች አደረገ። በክሮቹ መካከል ብዙ ጨረር ስለሚያልፍ ምስሉ ይደምቃል። ክሮቹ እንዳይላሉ ግን ጠንካራ የብረት ክፈፍ ያስፈልጋል፤ መስታወቱም ወፍራም ነው፣ ኤክስሬይ እንዳያሳልፍ እርሳስ ተቀላቅሎበታል። ወገቤን የቆረጠኝ ይህ ሁሉ ነው እንግዲህ።

ነጭ ገጽ ስትከፍቱ ሁለት ፀጉር የመሰሉ አግድም መስመሮች ይታያሉ። ክሮቹ እንዳይንቀጠቀጡ የሚይዙ ሽቦዎች ናቸው። እኔ ተበላሽቷል ብዬ ነበር። አባቴ፣ አገር ቤት ሸማኔ የነበረው፣ ነገሩን ሳስረዳው ጠጋ ብሎ አየና «ድሩ ይሄ ነው፣ ማጉ ደግሞ ሁለት ብቻ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላነበብኩም።

አሁን ወደ እማዬ ልመለስ። እኛ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ከሆነው ሕዝብ ጋር ስንመጣ ታናሽ እህቷ ጎንደር ቀረች። በ2006 የአክስቴ ልጅ ከጎንደር ኢንተርኔት ቤት ፎቶዋን ላከልን። መጀመሪያ ያየነው ወንድሜ ቤት፣ አዲስ በገዛው ስስ ሞኒተር ነው። ሰባት ሰው ከበን፣ አንዱ ቆሞ አንዱ መሬት ተቀምጦ። እማዬ ዝቅ ካለው ፍራሽ ላይ ሆና አየችና «ነጠላዋን አየሁት፤ እሷ ግን የታለች?» አለች።

የእማዬ ዓይን አልነበረም ችግሩ። በዚያን ጊዜ የነበሩት ርካሽ ስስ ሞኒተሮች ብርሃኑን ከጀርባ አብርተው ስለሚያሳልፉት፣ ከታች ሲያዩአቸው ጠቆር ያለው ቀለም አንድ ላይ ይደፈናል። እንደኛ ያለ የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ያለው እዚያ ጠቆር ያለው ውስጥ ነው! በአሮጌው ቱቦ ግን የሚያበራው መስታወቱ ላይ የተቀባው ፎስፈር ራሱ ስለሆነ፣ ከጎንም ከታችም ብታዩት ያው ነው። ጨረር ያልነካው ቦታም በእውነት ጨለማ ነው።

ማታ እቤታችን ያንኑ ፎቶ ከፈትኩ። እማዬ ዝም አለች። ከዚያ ጣቷን መስታወቱ ላይ፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ አደረገችና «ጠባሳዋ» አለች። አሥራ አምስት ዓመት ነው ያላየቻት።

ኤሌክትሪክ ይበላል፣ በቤር ሸቫ ሙቀት ላይ ሙቀት ይጨምራል፣ የበረሃውን አቧራ እንደ ማግኔት ይስባል። በሴኮንድ 60 ጊዜ ላይ ከተተወም ብልጭ ድርግም እያለ ራስ ያሳምማል፤ 85 ላይ አድርጉት። ሶኒ የትሪኒትሮን ሥራውን በ2008 ስላቆመ አዲስ አይገኝም።

አክስቴ በ2011 መጣች። እማዬ ያንን ፎቶ አስከፍታኝ ጠባሳውን ስታሳያት አክስቴ «አንቺ ገፍተሽኝ አይደል የወደቅሁት!» አለቻት።

ሞኒተሩ ዛሬም ጥግ ላይ፣ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል፤ ይሠራል። የአልቴ ዛኸን መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በሰፈራችን ሲያልፍ እማዬ መስኮቱን ትዘጋለች።