ጉቶ ነቀላ (ሩንዳ፣ ናይሮቢ)

ጉቶ ነቀላ ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ መሬት ላይ የሚቀረውን የግንድ ቁራጭ ከነሥሩ የማስወገድ ሥራ ነው። በናይሮቢ ሰሜናዊ ክፍል በሚገኘው በሩንዳ ሰፈር ግቢዎቹ ሰፋፊ፣ ዛፎቹም ያረጁ ስለሆኑ ሥራው የተለመደ ነው። ጉቶ በስዋሂሊ «ኪሲኪ» ይባላል።

አካባቢው

ሩንዳ የተሠራው ቀድሞ የቡና እርሻ በነበረ መሬት ላይ ነው። ከካሩራ ደንና የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ካለበት ከጊጊሪ ጋር ይጎራበታል። አፈሩ ቀይና ጥልቅ በመሆኑ ሥር እንደ ልቡ ይወርዳል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይጥላል፤ መሬቱ ለድጅኖ የሚለሰልሰው ከዝናቡ በኋላ ነው።

የሚያቆጠቁጡና የማያቆጠቁጡ ዛፎች

ባሕር ዛፍና ጃካራንዳ ከተቆረጡ በኋላ ያቆጠቁጣሉ። የፈረንጅ ጥድ አያቆጠቁጥም፤ ግራቪሊያም ዝቅ ተደርጎ ከተቆረጠ አብዛኛውን ጊዜ ይደርቃል። በኢትዮጵያ፣ በአዊ ዞን ፋጊታ ለኮማ ወረዳ፣ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት የተከሉ ገበሬዎች ዛፉን አክስለው መሬቱን መልሰው እህል የሚዘሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ዲከረንስ ከተቆረጠ እምብዛም አያቆጠቁጥም። ማሳውን ከባሕር ዛፍ የሚያስለቅቅ ገበሬ ግን ጉቶውን አንድ በአንድ መቆፈር ይጠብቀዋል።

የባሕር ዛፍ አመጣጥ

ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1894 ወይም በ1895 እንደሆነ ይነገራል። ማን አመጣው በሚለው ላይ ግን ጸሐፊዎች አይስማሙም። በርካቶቹ የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበሩትን ፈረንሳዊውን ሞንዶን-ቪዳዬን ሲጠቅሱ፣ ሌሎች ካፒቴን ኦብራየን የተባለ እንግሊዛዊ ነው ይላሉ። ዘሩ ከአንድ ጊዜ በላይ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱ አባባሎች የግድ አይጣሉም። የማገዶ እጥረት የጸናባት አዲስ አበባ በዚህ ዛፍ ምክንያት ባለችበት እንደጸናች በሰፊው ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1913 ግን ዛፉ አፈር ያደኸያል፣ ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል ተብሎ ከተተከለው ከፊሉ እንዲነቀል አዋጅ ወጣ። አዋጁ ተፈጻሚ እንዳልሆነ ይነገራል።

ወደ ኬንያ የገባበት ዘመን በአብዛኛው እ.ኤ.አ. 1902 ይባላል፤ ዓላማውም ለኡጋንዳ ባቡር ማገዶ ማቅረብ ነበር። ካሩራ ውስጥ የሚታየው ባሕር ዛፍም ከዚሁ የማገዶ ፍላጎት ጋር ይያያዛል።

ዘዴዎች

በእጅ፦ በጉቶው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮ ውሃ ይሞላበታል፤ አፈሩ ሲርስ ሥሮቹ ይገለጣሉ። የጎን ሥሮች በመጥረቢያ ይቆረጣሉ፤ ከሥር የቀረው ጉቶው ወዲያና ወዲህ ሲወዘወዝ ይታወቃል።

በማሽን፦ የጉቶ መፍጫ ከመሬት በታች ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ድረስ ይፈጫል። የባሕር ዛፍ እንቡጥ ያለው ባብዛኛው በግንዱ ግርጌ፣ ከቅርፊቱ ሥር ስለሆነ ይህ ቡቃያውን ለመግታት ይበቃል። ከጉቶው ርቀው የሄዱት ሥሮች ግን መሬት ውስጥ ይቀራሉ።

በመድኃኒት፦ ግላይፎሴት ገና በተቆረጠው ገጽ ላይ ይቀባል፤ ቁርጡ ከዋለ ካደረ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል።

በማቃጠል፦ እርጥብ ጉቶ በቀላሉ አይነድም።

የአርሚላሪያ የሥር አበስብስ

ጉቶን ትቶ መሄድ የሚያስከትለው ከባድ ጉዳት ይህ በሽታ ነው። አርሚላሪያ የተባለው እንጉዳይ በሞተ ጉቶና ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖርና አጠገቡ ወደተተከለው ተክል ይሻገራል። በኬንያ ሻይንና ቡናን እንደሚያጠቃ ይታወቃል፤ በኢትዮጵያም በወንዶ ገነት ተክል ደኖች ተገኝቷል። በአፍሪካ የሚዛመተው በዋናነት የታመመ ሥር ጤናማውን ሲነካ ነው፤ ስለዚህ መሬት ውስጥ የቀረ ሥር ሁሉ መሸጋገሪያ ድልድይ ነው። ምልክቱን ለማየት ከሚጠወልገው ተክል ግርጌ ቅርፊቱን መላጥ ይበቃል፦ ከሥሩ ነጭ፣ እንደ ጥጥ ንጣፍ ያለ፣ እንጉዳይ እንጉዳይ የሚሸት ሽፋን ይገኛል።

የሻይ አልሚዎች መከላከያ ዛፉን ከመቁረጥ በፊት ቅርፊቱን ዙሪያውን መላጥ ነው። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥር መውረዱ ስለሚቋረጥ ሥሩ ያከማቸውን ጨርሶ ይሞታል፤ አርሚላሪያም የሚመገበው ያጣል። ቆሞ የደረቀ ዛፍ ሊወድቅ ስለሚችል ግን ይህ ዘዴ በመኖሪያ ቤት አጠገብ አይመከርም። በግቢ ውስጥ ያለው መፍትሔ ሥሩን ለቅሞ ማውጣት ነው።

ፈቃድ

በናይሮቢ ዛፍ ከመቁረጥ በፊት የካውንቲውን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለባለ ግቢ

ግንዱን ከመሬት እኩል ማስቆረጥ ግቢን ያሳምራል፤ ለነቀላ ግን መያዣ ያሳጣል። ጉቶውን ለማስነቀል ያሰበ ሰው ለቆራጩ አስቀድሞ ይንገረው፦ 1 ሜትር ያህል ግንድ ይተው። ሥሩን ከመሬት ለማላቀቅ የሚገፋውና በካቦ የሚሳበው ይኸው ግንድ ነው።