ሁለት ባለ 88 ተማሪዎች፦ የትምህርት ቤት ማርክ፣ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያና የምዕራብ ጎጃም ተማሪ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰብስበው ከተፈተኑ በኋላ ውጤቱ ጥር 2015 ይፋ ሆነ። ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ። በተከታዮቹ ሦስት ዓመታት ቁጥሩ 3.2፣ 5.4 እና 8.4 ከመቶ ሆኗል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ክርክሩ በአብዛኛው ስለ ፈተናው ነው፤ ከበደ ወይስ አልከበደም፣ ኩረጃ ቀረ ወይስ አልቀረም እየተባለ። እኔ እዚህ የማነሣው ሌላውን ወረቀት፣ የትምህርት ቤቱን ካርድ ነው። እነዚያ ተፈታኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል በየዓመቱ የማለፊያ ውጤት አምጥተው፣ ካርዳቸው ላይ «ተዛውሯል» ተብሎ ተጽፎላቸው ነው ፈተናው አዳራሽ የደረሱት። ያንኑ ተማሪ ትምህርት ቤቱ አሳልፎታል፣ አገር አቀፉ ፈተና ጥሎታል።

ክርክሬ ይህ ነው፦ ከውጭ መለኪያ ጋር ያልተያያዘ የትምህርት ቤት ማርክ ስለ ተማሪው ዕውቀት ከሚናገረው ይልቅ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠባይ የሚናገረው ይበዛል። እንዲህ ያለው ማርክ ለመግቢያ ውድድር ሲቀርብ የሚጎዳው በፍኖተ ሰላም ዳሞት፣ በቡሬ ሽኩዳድ ወይም በጃቢ ጠህናን ገጠር የተማረው ልጅ ነው። ይሁን እንጂ ማርኩን ከነጭራሹ ጥሎ የአራት ዓመት ትምህርትን በጥቂት ቀናት ፈተና ብቻ መዳኘትም ይህንኑ ልጅ ይበድለዋል።

ማርኩ ለምን ያብጣል?

በግል ትምህርት ቤት ማርክ የሚሞላው መምህር ብዙውን ጊዜ ውሉ በየዓመቱ የሚታደስ ሠራተኛ ነው። ወላጁ በየወሩ ይከፍላል፤ ልጁ 62 ይዞ ሲመጣ ጥያቄውን ለልጁ ሳይሆን ለዳይሬክተሩ ያቀርባል። ባለቤቱ ደግሞ ክፍያ የሚሰበስበው በስም ነው፤ ስሙ የሚገነባው ደረጃ በወጡ ልጆች ፎቶግራፍና በደማቅ የምረቃ በዓል ነው። መምህሩ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ሮስተሩን በጠበበ እጅ ቢሞላ የሚያተርፈው ነገር የለም፣ ሰፋ አድርጎ ቢሞላ ደግሞ የሚጠይቀው የለም።

የመንግሥት ትምህርት ቤትም ከዚህ ነፃ ነው ማለት አይቻልም፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። እዚያ ግፊቱ የሚመጣው ከሪፖርት ነው። የመጠነ መድገምና የመጠነ ማቋረጥ ዕቅድ ከወረዳ ይወርዳል፤ ብዙ ተማሪ የጣለ መምህር በግምገማ ላይ የሚጠየቀው «ለምን አላስተማርክም?» ተብሎ ነው። በ1ለ5 የተማሪዎች አደረጃጀት ዘመን ደግሞ የቡድን ሥራ ማርክ የቡድኑን ልጆች ሁሉ እኩል ያስቆጥር ነበር፤ የሠራውም አንዱ፣ የተሞላውም ለሁሉም። ያም ሆኖ በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ «ማርክ አይሰጥም» የሚባል የሒሳብ ወይም የፊዚክስ መምህር አይጠፋም። ክፍሉ ሰባና ሰማንያ ተማሪ ስለሚይዝ የመምህሩን በር አንኳኩቶ የሚከራከር ወላጅም የለም። ስለዚህ እብጠቱ በሁለቱም ዘንድ ቢኖርም፣ ጫፍ ላይ፣ ማለትም ከ85 በላይ ባለው አካባቢ፣ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት እጅ ይጠብባል።

አንድን መቶ ማርክ በትነን እንየው። ሁለት አጫጭር ፈተና፣ አጋማሽ ፈተና፣ አሳይመንት፣ የቡድን ሥራ፣ ደብተር፣ የክፍል ተሳትፎ፣ ከዚያ ማጠቃለያ ፈተና። ከቡሬ ዙሪያ ቀበሌዎች መጥቶ ከተማ ውስጥ ከሦስትና ከአራት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ቅዳሜ ስንቁን ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። በርበሬው ሲቀላ፣ በቆሎው ሲደርስ አባቱ «ሁለት ቀን እርዳን» ይለዋል፤ ሁለቱ ቀን አራት ይሆናል። በእነዚያ ቀናት የተሰጠው አጭር ፈተና ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል፤ አሳይመንቱም ኮምፒውተር ቤት ተጽፎ፣ ታትሞና ተጠርዞ ከመጣው ጋር ይወዳደራል። ተከታታይ ምዘና በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሲገባ ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ተማሪን በአንድ ቀን ፈተና ብቻ ላለመዳኘት ነው። በተግባር ግን ከመቶው ትልቁን ድርሻ የሚወስነው በቦታው መገኘትና መግዣ ማግኘት ሆነ።

ማርኩ የት ይመዝናል?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ በአገር አቀፉ ፈተና ስለሚወሰን ካርዱ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ሆኖም ጥቂት ሰው ብቻ በሚገባባቸው በሮች ላይ የሚጠየቀው ትራንስክሪፕት ነው። የውጭ አገር ኮሌጆችና የስኮላርሺፕ ድርጅቶች የአራት ዓመቱን ውጤት ይጠይቃሉ። በልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ምልመላም የክፍል ውጤት የመጀመሪያው ወንፊት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአንድ የውጭ ኮሌጅ መራጭ ፊት ሁለት ወረቀት እንደ ቀረበ እናስብ። አንዱ ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት፣ ሌላው ከፍኖተ ሰላም፤ ሁለቱም አማካይ 88። የመጀመሪያው ልጅ ክፍል አማካይ 91 ከሆነ ልጁ ከመካከለኛው በታች ነው። የሁለተኛው ክፍል አማካይ 64 ከሆነ ልጁ ከሦስት መቶ ተማሪ አንደኛ ሊሆን ይችላል። መራጩ ይህን አያይም፤ 88ን ብቻ ያያል። እንዲያውም የሚያውቀው የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ስም ስለሆነ ያደላለታል።

በኮሌጅ ደረጃ ይኸው ነገር በቁጥር ታይቷል። ሐምሌ 2015 የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62.37 ከመቶው ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የግሎቹም ተማሪዎች ኮሌጃቸው በሰጣቸው ማርክ ኮርሶቻቸውን አጠናቀው ነው ለፈተናው የቀረቡት።

ያስተማረው ብቻውን አይመስክር

የማስተማርንና የመመስከርን ሥልጣን መለየት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ጎጃም በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ የቅኔ ጉባኤዎቹ ይታወቃል፤ የሐዲስ ዓለማየሁ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ በዛብህም የማንኩሳ ተወላጅ፣ የዲማ ተማሪ ሆኖ የተሣለው በከንቱ አይደለም። በአብነት ትምህርት ድጓ የትም ቦታ ሊማሩት ይቻላል፤ ለመመስከር ግን ወደ ቤተልሔም ጉባኤ ቤት ይወረዳል። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ዙር አባ ይሄዳል። መምህሩ ተማሪውን ዓመታት አብሮት ኖሯል፤ ያም ሆኖ የመጨረሻው ምስክርነት ከሌላ ወንበር እንዲሰጥ ሥርዓቱ ይጠይቃል። የጎጃሙም የጎንደሩም ድጓ አዋቂ በአንድ ሚዛን የሚታወቀው በዚህ ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ይህን በቁጥር ከሚሠሩት አንዷ የአውስትራልያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ናት። እዚያ የተማሪው የመጨረሻ ውጤት ግማሹ ከትምህርት ቤቱ ምዘና፣ ግማሹ ከማዕከላዊ ፈተና ይመጣል። ትምህርት ቤቱ የሚልከው ማርክ ግን እንዳለ አይወሰድም። በዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎች የፈተና ውጤት ልክ ይስተካከላል፦ አማካዩ ከፈተናው አማካይ ጋር እንዲገጥም ይደረጋል፤ አንደኛ የወጣውም ተማሪ በፈተናው የተገኘውን ከፍተኛ ማርክ ይይዛል፤ በመካከል ያሉት በተሰጣቸው ተራ ይደረደራሉ። ለሁሉም 90 ያደለ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በፈተናው በአማካይ 50 ካመጡ ልግስናው ይቀራል፤ ያጠበቀውም በማጥበቁ አይጎዳም። መምህሩ ማን ከማን እንደሚቀድም ያለው ዕውቀት ይጠበቃል፤ ቁጥሩን የመወሰን ሥልጣን ግን ከእጁ ይወጣል። ለእኛ የሚበጀው ይህ ነው ባይ ነኝ።

አደጋው ግን በግልጽ ይነገር። እንግሊዝ በኮሮና ምክንያት ፈተና በሰረዘችበት በ2020 እ.ኤ.አ. ክረምት የመምህራን ግምት በኮምፒውተር ቀመር ተስተካክሎ ነበር፤ ወደ 40 ከመቶ የሚጠጋው ውጤት ዝቅ ተደረገ። ቀመሩ ጥቂት ተማሪ ያለበትን ክፍል ማስተካከል ስለማይችል በዚያ የመምህሩን ግምት አጸና፤ ጥቂት ተማሪ የሚይዙት ደግሞ በብዛት የግል ትምህርት ቤቶች ነበሩ። መንግሥት በአራት ቀን ውስጥ ውሳኔውን አጠፈ። ለእኛ ትምህርቱ ሁለት ነው፦ ፈተና ያልተቀመጠን ልጅ በትምህርት ቤቱ ያለፈ ታሪክ መፍረድ አይገባም፤ አሥራ ሁለት ተማሪ ያለው የግል ክፍልም ከወረዳው ጋር ተጣምሮ እንጂ ለብቻው መታየት የለበትም።

ከዚህ ይልቅ ቀላሉ መንገድ ተራን ማየት ነው። የአሜሪካዋ ቴክሳስ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከየትኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በውጤት ከላይኛው አሥር ከመቶ ውስጥ የገባ ተማሪ ወደ ግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲገባ ፈቀደች። ሕጉ ሀብታም ትምህርት ቤቶችን ደስ አላሰኘም፤ ለገጠሩ ግን በር ከፈተ። ራስ ገዝ የሆነውና የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከፈተናው ጎን የተማሪውን የትምህርት ቤት ተራ ቢጠይቅ ከሽኩዳድ አንደኛ የወጣች ልጅ ምን እንደ ሆነች ማየት ይችላል።

በምዕራብ ጎጃም ይህን ሁሉ የሚያከብደው በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል፤ በዞኑ ብዙ ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ተዘግቷል። ዓመቱን ሙሉ ያልተማረን ልጅ፣ በጥይት ድምፅ መካከል ያጠናን ልጅ፣ በአዲስ አበባ ሳይቋረጥ ከተማረው ጋር በአንድ የ50 ከመቶ መስመር መለካት ፈተናውን ትክክል አያሰኘውም። ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች የመቁረጫ ነጥብ ዝቅ ሲደረግ የኖረው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ከ50 ከመቶ በታች ላመጡ ተማሪዎች የተዘጋጀው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራምም 70 ከመቶውን ለማዕከላዊ ፈተና፣ 30 ከመቶውን ለዩኒቨርሲቲው ምዘና ሲያካፍል ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ የመምህር ማርክ ከውጭ ፈተና ጎን ሲቆም ዋጋ እንዳለው ተቀብሏል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለክልሉ ትምህርት ቢሮና ለሚኒስቴሩ ነው። የየትምህርት ቤቱ፣ የግሉም የመንግሥቱም፣ የ12ኛ ክፍል የካርድ አማካይና የአገር አቀፍ ፈተና አማካይ ጎን ለጎን በየዓመቱ ይታተም። ትራንስክሪፕት ላይ የተማሪው ተራና የክፍሉ አማካይ ሳይጻፍ ማኅተም አይረፍበት። የዞኑ ሞዴል ፈተና እንደገና መስጠት ሲቻል የፍኖተ ሰላሙን ወረቀት የቡሬ መምህራን፣ የቡሬውን የፍኖተ ሰላም መምህራን ያርሙት፤ ከተሞቹ ጎረቤት ናቸውና ወጪው ከባድ አይደለም። ትምህርታቸው በጦርነት ለተቋረጠባቸው ተማሪዎች ደግሞ የጎደለው ጊዜ ተሰልቶ፣ የሚማሩበት ዓመትና ሁለተኛ የፈተና ዕድል ይሰጣቸው።