ጎጃምና ኢጣልያ፤ ከተምጫ ድልድይ እስከ ጉባ ግድብ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ የሚሄድ መንገደኛ ተምጫን ይሻገራል። በዚህ ወንዝ ላይ በ1877 ዓ.ም. ገደማ ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በአውሮፓ ጥበብ ድልድይ የሠራላቸው ኮንት አውጉስቶ ሳሊምቤኒ የተባለ ኢጣልያዊ መሐንዲስ ነበረ። ክረምት ሲገባ የሞላ ወንዝ ነጋዴውን ከገበያ፥ ተማሪውን ከጉባኤ ቤት ያግዳልና ሥራው ትልቅ ነገር ነበረ። የጎጃም ሰው እንግዲህ የኢጣልያን እጅ አስቀድሞ ያየው በመድፍ አይደለም፤ በድልድይ ነው።

ነገር ግን ድልድዩ በተሠራበት ዘመን፥ በዚያው በ1877 ዓ.ም.፥ ኢጣልያ ምጽዋን መያዟን አንባቢ ልብ ይበል። የሳሊምቤኒም ኑሮ የሁለቱን መንግሥታት ነገር ተከትሎ ተለዋወጠ። በጥር 1879 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ተመልሶ ሲመጣ ራስ አሉላ ያዙት፤ በዚያው ወር የዶጋሊ ጦርነት ሆነ፤ ድልድይ ሠሪውም እስረኛ ሆኖ ሰነበተ። ከተፈታ በኋላ ደግሞ በዐፄ ምኒልክ ዘንድ የኢጣልያ መንግሥት እንደራሴ ሆኖ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ክርክሩ ሁሉ በውጫሌ ውል በ17ኛው ክፍል ነበረ። ባለቅኔ ሰምና ወርቅን በአንድ ቃል ያሳድራል፤ የውጫሌው ውል ግን ሰሙ በአማርኛ፥ ወርቁ በኢጣልያንኛ ለየብቻ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ። ፍቺውም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ሆነ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም የጎጃምን ሠራዊት ይዘው በዚያ ተዋጉ።

በሐምሌ 1920 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ውሉ ግማሽ ዘመኑን ሳያደርስ ፈረሰና በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ደብረ ማርቆስ ገቡ። ባላገሩን ጠመንጃህን አምጣ ባሉት ጊዜ ግን በ1930 ዓ.ም. አገሩ ተነሣ። በላይ ዘለቀ፥ መንገሻ ጀምበሬ፥ ነጋሽ በዛብህ፥ ኃይሉ በለው በየአውራጃቸው ጠላትን ከምሽጉ እንዳይርቅ አደረጉት። በዚያው ዘመን ግን በዐድዋ የተዋጉት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ከኢጣልያኖች ጋራ አደሩ። ቀድሞ በንጉሠ ነገሥቱ ታስረው የነበሩ መሆናቸው ምክንያቱን ያስረዳ ይሆናል፤ ነገሩን ግን አያቀለውም። ጎጃም ይህን ለማንሣት ይከብደዋል፤ ቢሆንም አባትን አንሥቶ ልጅን የሚዘል ታሪክ ጎደሎ ነው። መጋቢት 26 ቀን 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ ወጣ፤ በ28 ንጉሠ ነገሥቱ ገቡ፤ ራስ ኃይሉም በዚያው ቀርበው እጅ ነሡ።

ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ስለዚህ ብዙ ኢጣልያኖች፥ ይልቁንም መካኒኮችና ግንበኞች፥ በሰላም በአገሩ ቀርተው ኖሩ።

የቀረው የካሳው ነገር ነው። በባላገር ሽምግልና ደም ሲታረቅ አስቀድሞ ጥፋተኛው ጥፋቱን ያምናል፤ ካሳው የሚቆረጠው ከዚያ ወዲያ ነው። በሁለቱ መንግሥታት ዘንድ ግን ካሳው ቀደመ። ኢትዮጵያ ከወረራው ጀምሮ የሞተባትን ሰው 760,300 ብላ አስቈጥራ አቀረበች። በዚህ ቍጥር ውስጥ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የተረሸኑት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አሉበት፤ ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም የነገረው 297 መነኮሳት መገደላቸውን ነው። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈረደ። ይህም ሳይከፈል ቆይቶ በ1948 ዓ.ም. በ16 ሚሊዮን ከ300 ሺህ ዶላር ተስማሙ። የተቃጠለው ቤትና የተነዳው ከብት ሳይቈጠር ለሞተው ብቻ ቢካፈል ለአንድ ነፍስ 21 ዶላር ከሳንቲም ይደርሳል። በዚህ ገንዘብ በአዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ፥ በጎጃምም የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተሠራ። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አባቱ በጦርነቱ የሞተበት ወጣት በአባቱ ደም ካሳ በቆመ መኪና ላይ ፈትል ይፈትል ዘንድ ይቻል ነበር።

ማመኑ የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። በመርዝ ጢስ መጠቀሙን የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ፕሬዚዳንት ስካልፋሮ አዲስ አበባ መጥተው ወረራው በደል እንደ ነበረ የተናገሩትም በ1990 ዓ.ም. ነው። በ18 ወር ውስጥ የተወሰደው ቅርስ ይመለስ ብሎ የፓሪሱ ውል ያዘዘ ሲሆን፥ የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነበረ።

ጎጃምን የሚከብበው ዐባይ ወደ ሱዳን ሊወጣ ሲል በጉባ ያልፋል፤ ጉባም ቀድሞ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረ አገር ነው። በዚያ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለውንና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ግድብ የገነባው ሳሊኒ ይባል የነበረ የኢጣልያ ኩባንያ ነው። በዚህ ግድብ ግን የካሳ ገንዘብ የለበትም፤ ለግንባታው ባላገሩና ደመወዝተኛው ቦንድ ገዝተው አዋጥተዋል። ኢጣልያዊው እንደ ሳሊምቤኒ ዘመን ተጠርቶ መጥቶ ሠራ፤ አሠሪው ኢትዮጵያዊ ነበረ።