ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመም፦ መሥራት ሲያቅት የሚጠየቅ ድጋፍና የሕክምና ማስረጃ

ሥር የሰደደ የአንጀት መቆጣት የአንጀት ግድግዳ ለወራትና ለዓመታት የሚቆስልበት፣ ለጊዜው ተሽሎ እንደገና የሚያገረሽ ሕመም ነው። ዋነኞቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አልሰረቲቭ ኮላይተስ ትልቁን አንጀት ያጠቃል፤ ክሮንስ ደግሞ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ማንኛውንም የምግብ መተላለፊያ ክፍል ሊያጠቃ ይችላል። ሁለቱም በመድኃኒት ይቆጣጠሯቸዋል እንጂ እንደ ወባ ተውጦ በሚያልቅ መድኃኒት አይድኑም። ስለዚህ ብዙ ታማሚዎች ከሕክምናው ጎን ለጎን "ሥራዬንስ ምን ላድርገው?" የሚል ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ነው።

በአጭሩ

• በኢትዮጵያ ለበሽታው ስም ብቻ ተብሎ በየወሩ የሚከፈል የአካል ጉዳት አበል የለም። ያሉት ድጋፎች የሕመም ፈቃድ፣ የጤና ጉድለት ጡረታ፣ የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍና የጤና መድን ናቸው።
• የትኛው እንደሚገባዎ የሚወስነው የሥራዎ ዓይነት ነው።
• ውሳኔ ሰጪዎች የሚመዝኑት የበሽታውን ስም ሳይሆን ሕመሙ የትኛውን ሥራ እንደከለከለዎ ነው። ማስረጃዎም ይህንን መናገር አለበት።
• ሐኪሞች ቦርድ ሳይወስን የሥራ መልቀቂያ አያስገቡ።

ሕመሙ ሥራን የሚያውከው እንዴት ነው?

ሕመሙ ሲነሳ ደም ወይም ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ድንገተኛና የማይታገሡት የሽንት ቤት ጥድፊያ፣ ማማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ይኖራል። ሌሊት ለሽንት ቤት የሚነሳ ሰው እንቅልፍ አይጠግብም። ደም የሚፈሰው ሰው የደም ማነስ ይይዘዋል፤ ትንሽ ሲራመድ ይደክመዋል። አንዳንዱ መገጣጠሚያው ያብጣል ወይም ዓይኑ ይቀላል።

ችግሩ ይህ ሁሉ ከውጭ አለመታየቱ ነው። ክፍል ጥሎ በቀን 8 ጊዜ የሚወጣ መምህር ሰነፍ ሊባል ይችላል። ግራና ላይ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ተራው ደርሶ ውኃ በሚለቀቅበት ሰዓት ከማሳው ከጠፋ ተራው ያልፈዋል። ሹፌር ወይም ጥበቃ ደግሞ ቦታውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ብዙ ሰው ስለሚያፍርም ለአለቃው "ሆዴን ትንሽ አሞኝ ነው" ብሎ ያልፈዋል። በኋላ ድጋፍ ሲጠይቅ ግን የተጻፈ ነገር አይገኝለትም።

መጀመሪያ ምርመራው ይለይ

በአካባቢያችን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲያጋጥም ቀድሞ የሚታሰበው አሜባ ነው። ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው፤ ነገር ግን በየጊዜው ሜትሮኒዳዞል ወስዶ የማይድን ወይም ከአራት ሳምንት በላይ የቆየ ተቅማጥ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ቢልሃርዚያ፣ የአንጀት ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ እና የአንጀት ካንሰር ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። በተለይ የአንጀት ቲቢና ክሮንስ በጣም ይመሳሰላሉ። ቲቢ ያለበት ሰው ክሮንስ ነው ተብሎ እንደ ፕሪድኒሶሎን ያለ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ቢሰጠው ቲቢው ይባባሳል።

በሽታው የሚረጋገጠው በኮሎኖስኮፒ አንጀት ታይቶ፣ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ሲመረመር ነው። ከግራና የሚነሳ ታማሚ ጉዞው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ በሪፈር ወደ መርሳ ወይም ወልድያ ሆስፒታል፣ እንደ አስፈላጊነቱም ወደ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ይቀጥላል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ወጪም አለው። ሆኖም የፓቶሎጂ ውጤቱ ለሕክምናውም ለድጋፍ ጥያቄውም መሠረት ስለሆነ ዋናውን በጥንቃቄ ያስቀምጡ።

የትኛው ድጋፍ ለማን?

1. የግል ድርጅት ሠራተኛ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ወር ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው በመጀመሪያው ወር 6,000፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር 3,000 ብር ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ይጠበቅለታል እንጂ ክፍያ የለውም።

ፈቃዱ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ሊወሰድ ይችላል። ይህ ሄድ መለስ ለሚል ሕመም ጠቃሚ ነው፤ የወሰዷቸውን ቀናት ግን ራስዎም ይቁጠሩ። ከሥራ በቀሩ ማግስት ለአሠሪው ያሳውቁ፤ መንግሥት ከሚያውቀው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃም ያቅርቡ።

2. የመንግሥት ሠራተኛ

የክልል መንግሥት ሠራተኛ፣ ለምሳሌ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ፣ የሕመም ፈቃዱ የሚመራው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው። የቀናቱን ብዛትና የክፍያውን መጠን ከመሥሪያ ቤትዎ የሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ።

3. የጤና ጉድለት ጡረታ

ጡረታ የሚቆረጥለት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ይከፍላል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይሠራል። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና ለሥራው የሚያስፈልገው ጤንነት እንደሌለው በሐኪሞች ቦርድ ተረጋግጦ የተሰናበተ ሠራተኛ ዕድሜው ለጡረታ ባይደርስም የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ያገኛል። አገልግሎቱ ከ10 ዓመት ካነሰ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ይሰጠዋል።

አበሉ ለ10 ዓመት አገልግሎት ከአማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሲሆን፣ ለሲቪል ሠራተኛ ከዚያ በላይ ላለ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል። 18 ዓመት ያስተማረ መምህር 40 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ገንዘቡ ከደመወዝ በብዙ ያነሰ ስለሆነ ጡረታ የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት። በመድኃኒት ከተሻለዎ ወይም የሥራ ቦታዎ ከተስተካከለልዎ ሥራዎን መቀጠል ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ተስፋ ቆርጦ መልቀቂያ ማስገባት ነው። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው በጤና ጉድለት እንደተሰናበተ አይቆጠርም።

4. ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛና ደመወዝ የሌለው ሰው

ጡረታ የማይቆረጥለት ሰው የሚጠይቀው በቀበሌው በኩል ነው። ሴፍቲኔት በሚሠራባቸው ቀበሌዎች ሥር በሰደደ ሕመም ምክንያት ጉልበት የሌለው፣ ሌላ ሠርቶ የሚያበላውም የሌለው ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ሳይሳተፍ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኝ ሊመረጥ ይችላል። ምርጫው የሚካሄደው በቀበሌ ደረጃ ነው። መራጮቹ ጎረቤቶችዎ ስለሆኑ "ትናንት ገበያ አይተነዋል" ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሕመሙ ሄድ መለስ እንደሚል የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ይያዙ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሁኔታዎን እንድታውቅ ያድርጉ።

5. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን

መድኑ ለሕክምና ወጪ እንጂ ለጠፋ ገቢ አይከፍልም። በየዓመቱ ይታደሳል። መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በቀበሌ ተለይተው መዋጮው በመንግሥት ሊሸፈንላቸው ይችላል። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ከሄዱ ወጪው በራስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ጠንካራ የሕክምና ማስረጃ ምን ይዟል?

"ታማሚው የአንጀት ሕመም ስላለበት ትብብር ይደረግለት" የሚል ወረቀት ለወሳኙ አካል ምንም አይነግረውም። የሚከተሉትን የያዘ ማስረጃ ሐኪምዎን ይጠይቁ፦

• የበሽታው ስም፣ የተረጋገጠበት ቀንና የምርመራ ዓይነት
• የተሞከሩ መድኃኒቶችና ያመጡት ለውጥ
• ሆስፒታል የተኙባቸው ጊዜያት፣ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ካለ
• የክብደትና የሄሞግሎቢን ልኬት
• በሥራ ላይ የሚፈጥረው ችግር፦ በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደሚሄዱ፣ ምን ያህል መቆም፣ መሸከም ወይም መጓዝ እንደማይችሉ
• ችግሩ ጊዜያዊ ነው ወይስ ዘላቂ

እኛ ሐኪሞች በተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ የሽንት ቤቱን ቁጥር ሳንጠይቅ ልናልፍ እንችላለን። ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ ወር በደብተር ይመዝግቡ፦ ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደወጡ፣ ደም መኖሩን፣ ሌሊት መነሳትዎን፣ ከሥራ የቀሩበትን ሰዓት። ደብተሩን ይዘው ሲመጡ ሐኪሙ በካርድዎ ላይ ያሰፍረዋል፤ በካርድ ላይ የሰፈረው ደግሞ ለቦርድ ይቀርባል።

ሐኪሞች ቦርድ ፊት የሚቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ መሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ሲጽፍልዎ ነው። በዕለቱ ደህና ቢሆኑም መጥፎ ቀንዎ ምን እንደሚመስል ይንገሩ። አያጋኑ፤ በኀፍረትም አይደብቁ።

ካርድዎ ከጠፋ

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። የቆየ ካርድዎ ካልተገኘ በእጅዎ ያሉትን የሪፈር ወረቀቶች፣ የላቦራቶሪ ውጤቶችና የመድኃኒት ማዘዣዎች ሰብስበው አዲስ ካርድ ላይ ታሪክዎ እንዲጻፍ ያድርጉ። ናሙናው ሌላ ከተማ ተመርምሮ ከሆነ ውጤቱን ከዚያ ተቋም ይጠይቁ። ከእንግዲህ የእያንዳንዱን ወረቀት ፎቶ በስልክ ያንሱ።

ከጡረታ በፊት የሥራ ማስተካከያ ይጠይቁ

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪዎች የሥራ ሁኔታን እንዲያመቻቹ ይጠይቃል። የሕመምዎን ዝርዝር ለሁሉም መናገር ሳያስፈልግ ለሽንት ቤት የቀረበ ክፍል፣ የፈረቃ ለውጥ ወይም ከመስክ ወደ ቢሮ መዛወር በጽሑፍ ይጠይቁ። ባይፈቀድልዎ እንኳ ደብዳቤው በኋላ ማስረጃ ይሆናል።

ጥያቄዎ ውድቅ ከሆነ

ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይቀበሉ። የጡረታ ጥያቄ ከሆነ በይግባኝ ቀነ ገደቡ ውስጥ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያቅርቡ። ከግል ድርጅት ያለ አግባብ ከተሰናበቱ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ለሴፍቲኔት የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። የጎደለው የሐኪም ማብራሪያ ከሆነ ተመልሰው ያስጽፉት።

ወዲያውኑ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ብዙ ደም መፍሰስ፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት
• በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከትኩሳት ጋር
• ከባድ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መነፋት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ጋዝና ሰገራ ማቆም

ለሳምንታት ፕሪድኒሶሎን የወሰደ ሰው በድንገት ማቋረጥ የለበትም። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል አስቀድመው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ።