ከጎሬ እስከ አራት ኪሎ፦ ኢሉባቦር በፓርላማ

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲያመሩ የመንግሥቱ መቀመጫ የኢሉባቦሯ ጎሬ እንድትሆን አዝዘው ነበር። አደራውን የተቀበሉት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ናቸው፤ ራስ እምሩም ተከትለው ደረሱ። ኅዳር 1929 ጣልያን ጎሬን እስኪይዝ ድረስ የነፃው መንግሥት ስም የሚጠራው ከዚያች ዳገታማ ከተማ ነበር። ፓርላማው በአለቃው በኩል ኢሉባቦር መጣ እንጂ፣ እስከዚያ ጊዜ የጎሬም ሆነ የመቱ ገበሬ መርጦ የላከው ሰው ፓርላማ ገብቶ አያውቅም ነበር።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 የወጣው ሕገ መንግሥት የመወሰኛውን አባላት ንጉሡ እንዲሾሙ፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ በቃ የተባለው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። አሜሪካኖች በሩቅ ሰሜን ያለችውን አላስካን የያዙት በተቃራኒው ነበር፤ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቧ የመረጠው ተወካይ ምክር ቤታቸው ገብቶ ይናገር ነበር፣ ድምፅ ግን እስከ 1959 አልነበረውም። እኛ ዘንድ ወንበሩ ነበረ፣ መራጩ ጠፋ።

የተሻሻለው የ1948 ሕገ መንግሥት 200,000 ሰው ላለው የምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴ መደበ። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚርቀው ለመቱ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ወንበር በሕዝብ ቁጥር እንጂ ለቤተ መንግሥት በመቅረብ አይሰጥምና። በ1950 መግቢያ 210 እንደራሴዎች ሲመረጡ 21 ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ የመምረጥ መብት ነበረው። ለዕጩነት ግን በወረዳው መኖርና ንብረት ማፍራት ግድ ነበር። ቡናውን ኮትኩቶ፣ ለቅሞና አድርቆ የባለርስቱን ድርሻ የሚያስረክብ ጭሰኛ ምን ንብረት አለኝ ብሎ ይቀርባል? ፓርቲ የለ፣ የሚደግፈው የለ። የባለርስትና የጭሰኛ ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ገብቶ ሳይጸድቅ ደርግ ሥልጣን የያዘበት 1967 መድረሱ ማን እዚያ እንደተቀመጠ ይናገራል።

ደርግ በ1970 የክፍለ ሀገሩን ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ አዛወረ። በ1979 ለተመረጠው 835 አባላት ላሉት ብሔራዊ ሸንጎ ዕጩ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ወንፊት ነበር። ያም ሆኖ ሸንጎው በ1980 ጋምቤላን ከኢሉባቦር ለይቶ ራሱን የቻለ የአስተዳደር አካባቢ አደረገው።

ዛሬ በተወካዮች ምክር ቤት ካሉት 547 መቀመጫዎች ሦስቱ የጋምቤላ ናቸው፤ በኢሉባቦር ሥር ሳለ አንድ አውራጃ ነበር።