በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የዝናብ ሞዴልን በመደበኛ ኮምፒውተር ስለመጠቀም የተዘጋጀ ማብራሪያ

ይህ ማብራሪያ በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ መጋዘን፣ ማምረቻ ወይም የጭነት አገልግሎት ለሚያስተዳድሩ ድርጅቶችና ለሌሎች ተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው። በነጻ በሚገኙ ሶፍትዌሮች አማካኝነት የአየር ጠባይ ሞዴል ውጤትን እንዴት ማየት፣ መረዳትና ለቅድመ ዝግጅት መጠቀም እንደሚቻል ያስረዳል። ፓርኩ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ወደ ነጻ የንግድ ቀጣና ማደጉ ይታወሳል።

1. አስፈላጊነቱ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በስተደቡብ በኩል በቅርብ ርቀት ያለው የደንገጎ ተራራማ አካባቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በተራራው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ ሆነው በሚቆዩ አሸዋማ ወንዞች በኩል በአጭር ጊዜ ወደ ከተማዋ ይወርዳል። በመሆኑም በከተማዋ ዝናብ አለመኖሩ ጎርፍ ላለመምጣቱ ዋስትና አይሆንም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. በደቻቱ ወንዝ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። የአካባቢው ዝናብ በዋናነት በበልግና በክረምት የሚጥል በመሆኑ ዝግጅቱ ከሁለቱም ወቅቶች አስቀድሞ መጠናቀቅ ይኖርበታል።

2. ሞዴሉ የሚያየውና የማያየው

የአየር ጠባይ ሞዴል ከባቢ አየርን በካሬዎች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ካሬ ሙቀት፣ ነፋስ፣ እርጥበትና ዝናብ በስሌት የሚተነብይ ፕሮግራም ነው። ጂኤፍኤስ የተባለው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ሞዴል በቀን 4 ጊዜ የሚወጣ ሲሆን መረጃውም ለማንኛውም ተጠቃሚ በነጻ ይቀርባል። በዝርዝር የሚወጣው መረጃ በነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 0.25 ዲግሪ፣ ማለትም 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከከተማዋ እስከ ተራራው አናት ያለው አቀበት ከአንድ ካሬ ስፋት ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ሞዴሉ ገደላማውን መሬት እንደ ለስላሳ ተዳፋት ይቆጥረዋል፤ በጠባብ ቦታ የሚወርደውንም ኃይለኛ ዝናብ በሰፊው ካሬ ላይ አካፍሎ አነስተኛ አድርጎ ያሳያል። በካርታው ላይ ቀላል ዝናብ መታየቱ በተራራው ላይ ከባድ ዝናብ እንደማይኖር ማረጋገጫ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

3. መረጃውን በካርታ የማየት ቅደም ተከተል

ሀ) ከሰሜን ኬክሮስ 9 እስከ 10 ዲግሪ፣ ከምሥራቅ ኬንትሮስ 41.5 እስከ 42.5 ዲግሪ ያለውን አካባቢ መርጦ ማውረድ። ይህ ክልል ከተማዋንና ተራራውን አጠቃሎ 25 የሞዴል ነጥቦችን ይይዛል።

ለ) ፋይሉን ፓኖፕሊ በተባለው የናሳ ነጻ ሶፍትዌር መክፈት። ሶፍትዌሩ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ የሚሠራ ሲሆን ጃቫ አስቀድሞ መጫን አለበት።

ሐ) ሰዓቱን ማስተካከል። የሞዴል ፋይሎች የሚጠቀሙት ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው። በዚህም መሠረት 00 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ 06 ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 12 ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት፣ 18 ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ይሆናል።

መ) የዝናቡ አኃዝ ከየትኛው ሰዓት እስከ የትኛው ሰዓት የተጠራቀመ እንደሆነ መለየት። ከመነሻው ጀምሮ የተጠራቀመ ከሆነ የአንድን ጊዜ ዝናብ ለማግኘት የቀደመውን አኃዝ ከተከታዩ መቀነስ ያስፈልጋል።

ሠ) ውጤቱን በጣቢያ ከተለካው ዝናብ ጋር ማነጻጸር። የዕለቱ ዝናብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ስለሚቆጠር፣ የሞዴሉም ድምር ለተመሳሳይ ጊዜ መወሰድ አለበት።

4. ሞዴሉን በራስ ኮምፒውተር ማስኬድ

የሊኑክስ ዕውቀት ያላቸው ባለሙያዎች ደብሊው አር ኤፍ የተባለውን ነጻ ሞዴል መጠቀም ይችላሉ። የካሬው ስፋት 3 ኪሎ ሜትር ሲሆን የተራራው ቅርጽ በተሻለ ሁኔታ ይታያል። የስሌቱን የጊዜ እርምጃ በሰከንድ ለመወሰን የካሬውን ስፋት በኪሎ ሜትር በ6 ማባዛት የተለመደ ነው፤ ለ3 ኪሎ ሜትር 18 ሰከንድ ይሆናል። የካሬው ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የኮምፒውተሩ ሥራ 8 እጥፍ ገደማ ስለሚጨምር፣ በትንሽ ክልልና በ24 ሰዓት ትንበያ መጀመር ይመከራል። የሚመረጠው ክልል ፓርኩን ብቻ ሳይሆን ውሃው የሚመነጭበትን ተራራ ማካተት አለበት።

5. ዝናብን ወደ ውሃ መጠን መቀየር

ለአነስተኛ ተፋሰስ ግምታዊ ስሌት 0.278፣ የፍሳሽ መጠን መለኪያ፣ የዝናብ ጥንካሬ በሰዓት በሚሊ ሜትር እና ስፋት በካሬ ኪሎ ሜትር እርስ በርስ ይባዛሉ። ለልምምድ ያህል፣ መለኪያው 0.4፣ ስፋቱ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ዝናቡ በሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን ውጤቱ በሰከንድ 33 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሞዴሉ ያንኑ ዝናብ አለስልሶ 12 ሚሊ ሜትር ካደረገው ግን ስሌቱ 13 ሜትር ኩብ ብቻ ይሰጣል። ስለሆነም ስሌቱን በአንድ አኃዝ ሳይወስኑ በከፍተኛ የዝናብ መጠኖችም ደጋግሞ መሥራት ተገቢ ነው።

6. የአጠቃቀም ወሰን

በግል ኮምፒውተር የሚገኝ ውጤት ዕቃን ከወለል ከፍ አድርጎ ለማስቀመጥ፣ የፍሳሽ ቦዮችን ለማጽዳትና የጭነት መርሐ ግብርን ለማስተካከል ይረዳል። ይሁን እንጂ የትንበያና የማስጠንቀቂያ መረጃ የሚሰጠው በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠሪ የሆነው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በመሆኑ፣ የግል ውጤትን እንደ ማስጠንቀቂያ ማሰራጨት አይገባም። ሞዴሉ ዝናብ ባያሳይም ኢንስቲትዩቱ ወይም የከተማ አስተዳደሩ ማስጠንቀቂያ ካወጣ፣ አልያም በተራራው በኩል ከባድ ደመናና መብረቅ ከታየ፣ ሠራተኞችና ተሽከርካሪዎች ከደረቅ ወንዞች መተላለፊያ ሊርቁ ይገባል።